ዴዛርሜ

የሰሊጥ አጨዳ በተጀመረ ሰሞን ሽፍቶች ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ተኩሰው አንድ የእርሻ ጠባቂ ገደሉ። ባልደረቦቹ ከቀብር ሲመለሱ ደም ጠምቷቸው በየክምሩ ሥር አደፈጡ። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለሚሻገሩ በተከፈተ ክሊኒክ በአስተርጓሚነት የምትሠራው እስከዳር፣ የጠባቂዎቹን አለቃ አጎቷን ባየልኝን ልታጽናና መጥታ አብራቸው ነበረች።

ረፋዱ ላይ አንድ ረጅም ሰው ከማሽላው ውስጥ ብቅ አለ። ጠመንጃው ሁሉ ወደሱ ዞረ።

«ቁም!»

ሰውየው እጁን ሰቅሎ ጮኸ። አረብኛ አይደለም። እስከዳር ለየችው፤ ፈረንሳይኛ ነው።

«ምን ይላል?» አላት ባየልኝ።

«ዴዛርሜ! ዴዛርሜ!» ይላል ሰውየው እያለቀሰ። ነፋሱ የቃሉን ጫፍ በላው። በእስከዳር ጆሮ የገባው «ዴዛርም» ነው።

«መሣሪያ... መሣሪያዎች ይላል» አለች።

ቃሉ ካፏ ወጥቶ ሳያልቅ ተኮሱ። ጥይቱ ጭኑን በጥሶት ሰውየው ተገነደሰ። የተገደለው ጠባቂ ወንድም ደረበ ዘሎ ደርሶ በሰደፍ አፉን መታው፤ ጥርሱ ረገፈ። ሰውየው ደም እየተፋ ቃሉን ቆራረጠው፤

«ዴዝ... አር... ሜ።»

እስከዳር ክው አለች። ጎንደር ያስተማሯት መምህር «ዴ» ከፊት ስትቀጠል የተሠራውን ታፈርሳለች ብለዋት ነበር፤ «ሞንቴ» መግጠም፣ «ዴሞንቴ» መፍታት። «አርሜ» የታጠቀ ማለት እንደሆነም ታውቃለች። ቃሉ በአናባቢ ሲጀምር ግን መሐል የምትገባዋን «ዝ» ልብ ብላት አታውቅም።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ! ትጥቅ የለኝም ነው የሚለው! ያስቁሙት!»

ደረበ ሰደፉን ዳግም አነሳ። እስከዳር ሮጣ ሰውየው ላይ ተደፋች። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ቀሽ ሲል ራሷ ሰማችው። ባየልኝ ደረበን ከኋላ አንቆ ጣለው።

«ወንድሜን! ወንድሜን እኮ ነው!» እያለ ደረበ አፈሩን በጥፍሩ ቧጠጠው።

ሰውየውን ሲፈትሹት ከአንድ ብሎን መፍቻ በቀር ምንም አልያዘም።

ስሙ ማርሴል ነው፤ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሰው፣ ካርቱም መካኒክ የነበረ። ክሊኒኩ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። እስከዳር ክንዷን ባንገቷ አንጠልጥላ ከአልጋው አጠገብ ቆመች።

«ያን ቀን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

ማርሴል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሌላ ሰው አምጡልኝ» አለ።

ሌላ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አልነበረም። ቁስሉ በታጠበ ቁጥር ጩኸቱን የምትተረጉም እሷው ሆነች። አንድ ጠዋት፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣

«ዴዛርሜ በዪ» አላት።

«ዴዛርም...»

«ጫፏን አትዋጪያት! ሜ!»

«ዴዛርሜ።»

«ዴዞቤይር።»

«ዴዞቤይር» አለች፤ አለመታዘዝ ማለት ነው። «ዴዛቢዬ» አላት፤ ልብስ ማውለቅ። እሷ እያለቀሰች ትደግማለች፤ እሱ ያለ ርኅራኄ ያርማታል። በጥርሱ ክፍተት ድምፁ እያመለጠው ሲቸገር ደግሞ ጡጫውን ፍራሹ ላይ ያሳርፋል።

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። አምቡላንስ ወደ ጎንደር ሊወስደው ሲመጣ እጇን ዘረጋችለት፤ አልጨበጣትም።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አላት ከቃሬዛው ላይ። «እዚያ ማን ሊሰማኝ ነው? ግቢ።»

አምቡላንሱ ውስጥ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።