ቢጫ ኮፍያ በቢጫ ጫካ

ቢጫው ኮፍያ ከዛፎቹ መሀል ብቅ አለና መልሶ ጠፋ። መምህርቷ ቆም ብላ አንገቷን አሰገገች፤ እንደገና ስታየው ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። የረገፈው ቅጠል ከእግሯ ሥር ያንሸራትታል። በአንድ እጇ ካርታ፣ በሌላው ኮምፓስ ይዛለች፤ አንዱንም ግን አልተመለከተችም። ዐይኗ ባሏ ላይ ነው።

ባሏ ያጠለቀው ኮፍያ እሷ ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት የመጣ ነው። ልጆቹን ወደ መናፈሻ ስታወጣ ለሁሉም ቢጫ ኮፍያ ታደርግላቸዋለች፤ እስከ ዛሬ አንድም ልጅ ጠፍቶባት አያውቅም። ባሏ ልቡን ታክሞ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ግን ከልጆቹ ሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው እሱን ሆነ። ሲተኛ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ደረጃ ሲወጣ ከኋላው ትወጣለች። የመኪናቸውን ቁልፍ በቦርሳዋ ይዛ ራሷ ትነዳለች፤ ለእሱ አትሰጠውም። ሰውዬው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሐኪሙ "ድነሃል፣ ሥራህን ጀምር" ካለው ሰንብቷል፤ አለቃውም ሰኞ እንዲመለስ ጠርቶታል።

"ይሄን ውድድር ብቻዬን ሮጬ በጤና ከተመለስኩ ታምኚኛለሽ?" ብሏት ነበር ትናንት፣ ጫማውን እየሞከረ።

"ከተመለስክ እናያለን።"

"'ከተመለስክ' ነው ያልሽው?"

"አፌ ነው። ለማንኛውም እኔም ተመዝግቤያለሁ።"

"አንቺ? ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ መንገድ የሚጠፋሽ ሴትዮ?"

"ኮፍያህን እንዳትረሳ" ብላ ዘጋችው።

ውድድሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ሰው ሁሉ በተራ በተራው ብቻውን ይለቀቃል። በካርታው እየተመራ፣ ጫካው ውስጥ የተሰቀሉትን ብርቱካናማ ጨርቆች በቅደም ተከተል ፈልጎ ያገኛል፤ እያንዳንዱ ጨርቅ ሥር በታሰረው መብሻ ካርዱን ይበሳና ሰዓቱ ሳያልፍ ይመለሳል። ሌላውን መከተል ክልክል ነው። አስጀማሪው ይህን ሲናገር እሷን እሷን ያየ መሰላት።

የመጀመሪያውን ጨርቅ አግኝታ ካርዷን በስታለች። ከዚያ ወዲህ የምታሳድደው ኮፍያውን ብቻ ነው። አንድ ነገር አላሰበችም፤ መናፈሻው አረንጓዴ ስለሆነ ቢጫ ኮፍያ ከሩቅ ይለያል፣ ዛሬ ግን ዛፉም መሬቱም ቢጫ ነው። በዚያ ላይ ሰውዬው ይሮጣል። እንዲህ መሮጥ ማን ፈቀደለት? ኪኒኑ ያለው እሷ ወገብ ላይ፣ በትንሿ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ዳገቱ ላይ ደረሰችበትና እጅጌውን ጨመደደች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው!"

ሰውዬው ዞረ። ባሏ አይደለም። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሰው ፀጉር ሲያሳምር ውሎ የራሱ አናት ላይ አንዲት ዘለላ የሌለችው።

"እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ የሚያሸንፈኝ ጎረምሳ መስሎኝ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ።"

"ኮፍያውን ከየት አመጣኸው?"

"ባለቤትዎ ናቸው የሰጡኝ። ሁለተኛው ጨርቅ ጋ ደረሱብኝና፣ ቅርንጫፍ ራሴን ሲልጠኝ አይተው አዘኑልኝ።" ትንሽ አመነታ። "'ሚስቴ ካገኘችህ ደህና ነው በላት' ብለዋል። እየሳቁ ነበር።"

"እየሳቀ!"

"ደህና ናቸው እትዬ። እንደ ሚዳቋ ነው የሄዱት።"

"አሁን የት ነው ያለነው?"

"እሱን ብነግርዎ ሁለታችንም ከውድድር ውጪ ነን" አለና ወዲያው አንጀቱ አልችል አለው። "ግን... ጅረቱ በስተግራ ይሰማል።" ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ተሰናበታትና ሄደ።

ብቻዋን ቀረች። መጀመሪያ ንዴቱ ነበር የመጣው፤ ቀጥሎ ፍርሃቱ። የሆነ ዛፍ ሥር ተደፍቶ፣ ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ ታያት። ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ልትሮጥ ተነሣች። ያኔ ልጆቹን የምትላቸው ትዝ አላት፤ "ከጠፋችሁ አትሩጡ። ባላችሁበት ቁሙ፤ እኔ እመጣለሁ።" ለእሷ የሚመጣላት ግን የለም። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች።

"ጌታዬ፣ እኔ ባልደርስለት አንተ አለህለት" አለች በልቧ። "እኔን ደግሞ መንገዱን አሳየኝ።"

ካርታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግታ አየችው። አስጀማሪው እንዳሳያቸው፣ መርፌው ካመለከተው ሰሜን ጋር አስተካከለችው። ጆሮዋን ሰጠች፤ ውሃው ይሰማል። ሰማያዊዋ መስመር እሱ ነው። መስመሯ ድልድይ ጋ ትደርሳለች፤ ከድልድዩ መንገድ ወደ ሜዳው ይወጣል። ጅረቱን ይዛ ወረደች። ድልድዩ እውነትም ካርታው ባሳየበት ቦታ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ሲጠፋት የኖረችው ሴትዮ ብቻዋን ሳቀች።

ሜዳው ላይ ስትወጣ ሰዓቱ አልፏል። ባሏ ከአስጀማሪው ጋር ይሟገታል።

"ልቀቀኝ እንጂ ልጄ! ሚስቴ መንገድ አታውቅም እኮ!"

"ጋሼ፣ አንድ ሰው ልንፈልግ ሁለት አናጠፋም። ሰዎቻችን ገብተዋል፣ ይረጋጉ።"

"እንዴት ነው የምረጋጋው? አንተ ሚስት አለችህ?" ሲል አያት። አስጀማሪውን ተወው። ከዚያ እየተቻኮለ መጥቶ ከፊቷ ቆመ። ፊቱ ቀልቷል፤ ዐይኑ ግን ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንዲህ ብሩህ ሆኖ አያውቅም።

እሷም እንደ ልማዷ መዳፏን ደረቱ ላይ አኖረች። ልቡ ሳይጣደፍ ይመታል።

"የሚደልቀው ያንቺ ነው" አላት። "ከዚህ ይሰማኛል።"

"ኪኒንህ እኔ ጋ ነበር።"

ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ አሳያት። "ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ አንድ መለዋወጫ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ሹፌር አይደለሁ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?" ድምፁ ዝቅ አለ። "ስላስደነገጥኩሽ ይቅር በይኝ። ግን ኮፍያው ሰልችቶኝ ነበር።"

ልትቆጣው አስባ ነበር፤ የወጣው ግን ረጅም ትንፋሽ ነው። "ተመስገን" አለች። ሣሩ ላይ ዘፍ አለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ባሏ በልማዱ ወደ ተሳፋሪው በር ሄዶ ቆመ። ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ያ የኔ ነው" አለችው።

"ምኑ?"

"ወንበሩ። ዞር በልልኝ።"

ቁልፉን ተቀበላት። በዚያኛው በር ገብቶ የሹፌሩን ወንበር ለእግሩ ወደ ኋላ አስጠጋ፤ መስታወቱን አስተካከለ።

"ሰኞ በስንት ሰዓት ልቀስቅስህ?" አለችው፣ አጠገቡ ተቀምጣ።

"ራሴ እነሣለሁ።"

ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታችና እግሯን ዘረጋች።

"እሺ" አለች።