ከጣሪያዬ በላይ ያሉት ሸማኔ

አዲሱ ገበያ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሪሐና እባላለሁ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ ተማሪዎቼም ያውቁታል። የዚያን ቅዳሜ ትምህርታችን ስለ ጣሪያ ነበር። እኛ ዋጋ ሲወደድ ጣሪያ ነካ እንላለን፤ እንግሊዞች ደግሞ ሰው ሲናደድ ጣሪያውን መታ ይላሉ። መጠለያ ያለውን ሰው ከራሱ በላይ ጣሪያ አለው ይሉታል። ሴት በሥራዋ ከፍ እንዳትል የሚያግዳትን የማይታይ ነገር ደግሞ የመስታወት ኮርኒስ ብለውታል። ብሩኪ የሚባለው ተማሪዬ መስታወት ከሆነ ለምን አይሰብሩትም ብሎ ሳይጨርስ የጣሪያዬ ልስን ደብተሩ ላይ ተራገፈ።

ከላይ መዶሻ ይመታል። ደሜ ፈልቶ ደረጃውን ወጣሁ። ጋሽ ላቀው፣ የሽሮ ሜዳ ቤታቸው ለልማት ተነስቶ በቅርቡ ከኔ በላይ የገቡት ሽማግሌ ሸማኔ፣ ሳሎናቸው መሀል ተንበርክከው በመሮ ወለሉን ይቆፍራሉ። የሽመና ዕቃቸው አጠገባቸው ተተክሏል። እሳቸው የሚሠሩት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ መርገጫውን በግራ በቀኝ እያፈራረቁ እየረገጡ ነው። ፎቁ ሲደርሳቸው ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ራሳቸውም ጭምር።

የእሳቸው ወለል የኔ ጣሪያ መሆኑን፣ ከእግራቸው ሥር ልጆች መቀመጣቸውን እየጮህኩ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው ልጄ" አሉኝ። "እ... ማለቴ፣ ቢያልፍም እንኳ ወደ አንቺ ቤት የሚወርደው እግሬ ብቻ ነው። ታጥቤ ነው የምቀመጠው።"

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ጠፋ። እየቀለዱ አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም። በፍጹም እንደማይሆን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም፤ መሮውን አስቀምጠው ፍርስራሹን በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬያቸው ጠረግሁ።

ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ የሽመና ዕቃውም ተፈታትቶ በረንዳ ላይ ተከመረ። ከራስ በላይ ጣሪያ ስለማግኘት ለተማሪዎቼ ሳስረዳ አሁን አፌ ይተሳሰራል።

ጠዋት ጠዋት ከላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ወለሉን የሚረግጥ እግር እሰማለሁ። ምን እንደሚሠሩ ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚረግጡት አሉኝ፤ እጃቸው ባዶ ነው።