የምሰሶው ልክ

«ኧረ በዛብሽ፣ ተይ! ሰው ምን ይላል?»

በዛብሽ ጥቁሯን እንደለበሰች ወንበር ላይ ወጥታ፣ ሜትር ዘርግታ የድንኳኑን ምሰሶ ትለካለች። የባሏ የይልማ ሠልስት ነው። ተይ የሚሏት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማስረሻ ኀዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ፈርተዋል። የእድሩ ድንኳን ንያኩሮን ሰፈር ሌላ ለቅሶ ቤት ስለተተከለ፣ ወንዶቹ የይልማን ጀልባ ምሰሶ ከግንቡ እስከ ማንጎው ዛፍ አጋድመው ሸራ ጥለውበታል።

ይልማ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል አናጢ ነበር። ጁባ መጥተው አማራት ሰፈር ምግብ ቤት ሲከፍቱ፣ ፈረንጅ ወንዝ ዳር ጥሎት የሄደውን የሃምሳ ዓመት ሸራ ጀልባ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ገተረው። ደንበኛ መኪና የሚያቆምበት ቦታ አጣ። እሱ እቴ! ሻይ ያዘዘውን ሁሉ ይዞ ያወራል፦ ፋብሪካው የመጀመሪያዎቹን አርባ ጀልባዎች በአጭር ምሰሶና በክብ መስኮት ሠራ፤ ገዢዎች ነፋስ ሲሳሳ አትሄድም ብለው አማረሩ፤ ከዚያ ምሰሶው ረዘመ፣ መስኮቱም ሰፋ።

«የኛ ከአርባዎቹ ናት» ይላል።

«መስኮቷ ሰፊ አይደል እንዴ?» ብለው ይስቁበታል።

«ኋላ የተቀየረ ነው ስላችሁ!»

የሚያምነው አልነበረም፤ እሷም አላመነችውም። ሜትሩን ዘርግቶ «በዛብዬ፣ ጫፉን ያዥልኝ» ባላት ቁጥር፣ ከጓዳ ሆና «እጄ ሽንኩርት ነው!» ትለዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ እጇ ሽንኩርት ነበር።

ሦስቱን ቀን የመጣው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» እያለ ንፍሮውን ቆርጥሞ ሄደ። ጀልባዋን ያነሳ የለም። ዛሬ ጠዋት ግን የይልማ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። የላከው ሞምባሳ ተመሳሳይ ጀልባ ያለው ሰው ነው፤ ይልማ ስለ አርባዎቹ ጠይቆት መልሱን ሁለት ዓመት ጠብቋል። «ምሰሶህ ስንት ነው? ከዘጠኝ ሜትር ካነሰ ከአርባዎቹ ናት» ይላል። መሞቱን አልሰማም። በዛብሽ የምትነግረው ሰው ፈልጋ ዙሪያዋን አየች፤ ስለ ጀልባዋ የሚገደው አልነበረም።

አሁን የሜትሩ ጫፍ ከግንቡ በኩል ተንሸራቶ ተመለሰ። ደግማ ሰካችው፤ ተመለሰ።

«ጫፉን የሚይዝልኝ አጣሁ!» ብላ ጮኸች። በቀብሩ ዕለት እንኳ ያልወጣው ድምፅ ያኔ ወጣ።

የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ጣሂራ ከፍራሹ ተነሳች። «ማሌሽ፣ አይዞሽ እህቴ» አለችና አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ በግንቡ በኩል ጫፉን ያዘች።

በዛብሽ ወንበሯን ወደ ማንጎው ወስዳ ወጣችበት። ዓይኗን ጠርጋ አነበበች፤ ስምንት ሜትር ከሰማንያ።

«እውነቱን ነበር» አለች። «እውነቱን ነበር እኮ!»

«ልልቀቀው?» አለች ጣሂራ።

በዛብሽ ሜትሩን በሁለት እጇ ወጥራ ቆመች።

«አትልቀቂው» አለች፤ «ትንሽ ያዥልኝ።»