በሚስቴ ፋንታ የታጠበው ጥርሴ

ባለቤቴ ውዴ እርግዝናዋ ስድስት ወር ሲሆነው ድዷ ይደማ ጀመር። በየማለዳው የወይራ መፋቂያ ቆርጬ የምሰጣት እኔ ነበርሁ፤ ደሙን ሳይ ጥፋተኛው እንጨቱ ነው ብዬ መፋቂያውን ከለከልኋት። ብልሃተኛ ባል! በሁለት ሳምንት ድዷ አብጦ ማላመጥ አቃታት።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" ስላት፣ "የነፍሰ ጡር ጥርስ አይነካም፤ እናቴ ከሰማች ትገድልሃለች" አለችኝ።

የጎረቤታችን የአደይ ልጅ በሰባት ወሩ ተወልዶ አንድ ወር ማሞቂያ ክፍል ቆይቷል። አደይም ነፍሰ ጡር ሳለች ድዷ ያብጥ እንደነበር ስሰማ፣ ብቻዬን ጠይቄ ልምጣ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

በጥርስ ክፍሉ በር ላይ ሴቶች ተደርድረዋል። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስሸጥ እንኳ ዋጋ የምናገረው ገዢዋን ሳይሆን ዓሣውን እያየሁ ነው። የጥርስ ነርሷ ሲስተር ወንጌላዊት "ምንህን ነው?" ስትለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ስለ ሚስቴ እርግዝና ማውራት አፍሬ "ድዴን" አልሁ። አስተኝታ ጥርሴን ታጥበኝ ጀመር።

"መቼ ጀመረህ?"

"ስድስት ወሯ ላይ።"

እጇን ገታች። "የማን ስድስት ወር? የድድህ?"

በር ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ያን ጊዜ የታመመችው ነፍሰ ጡር ሚስቴ መሆኗን፣ መፋቂያውን መከልከሌን ጭምር ተናዘዝሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ እሷን ቤት ጥለህ የራስህን ታሳጥባለህ?"

"ሲስተር፣ ልጁ ያለ ጊዜው ይመጣብናል?"

"ድዳቸው የታመመ እናቶች ያለ ጊዜያቸው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ይላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ሁሉም ላይ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም። መታከሙ አይጎዳትም። ነገ አምጣት፤ እስከዚያው በለስላሳ ብሩሽ ታጽዳ።"

ቤት ገብቼ ለውዴ የታጠበ ጥርሴን አሳየኋት። "ይኸው፣ ምንም አልሆንሁም።"

"አንተም ነፍሰ ጡር ነህ?" ብላ ሳቀች። በማግስቱ ግን አብራኝ ሄደች።

ድዷ በሦስት ሳምንት ዳነ። የኔ ፍርሃት ግን አልዳነም፤ ባስነጠሰች ቁጥር ባጃጅ እየጠራሁ የሰፈሩ መሳቂያ ሆንሁ።

ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ሲሆናት ወለደች። አዋላጇ ብቅ ብላ ሁለቱም ደኅና መሆናቸውንና የሕፃኑን ክብደት ነገረችኝ፤ ወዲያው ቁንዝላ ላሉት አማቴ ደወልሁ።

"ምን ተገላገለች?" አሉኝ።

"ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ!"

"አንተ! ወንድ ነው ሴት?"

አልጠየቅሁም ነበር። "ወሩን የጨረሰ ነው፣ እማማ" አልሁና፣ ስልኩን ሳልዘጋ ተመልሼ የማዋለጃ ክፍሉን በር አንኳኳሁ።