የጀርመን ስንቅ

«እህቲቱ መጣች! ልቀቁላት፣ መንገድ ልቀቁላት!»

ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ግራና ቀኝ ተከፈለ። አልታየች ከአቀስታ በበቅሎ አንድ ቀን ተኩል ተጉዛ መካነ ሰላም ስትደርስ፣ ታላቅ ወንድሟ አድማሴ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እህት ስትመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ደንቡ ነው። እሷ ትጮኻለች፣ እነሱ ይቀበሏታል። ቆመው ጠበቁ።

አልጮኸችም። የሟችን ሚስት ቦጋለችን ሳመች፣ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች። በቃ።

«ደንግጣ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ምን ድንጋጤ አመጣሽ! ተጣልተው ነበር እኮ። ባለፈው ሰኔ፣ አቀስታ ገበያ መሐል፣ ሰው እያያቸው።»

«ኧረ! በምን?»

«በጀርመን።»

ከወንዶቹ በኩል ሳቅ የታፈነበት ሳል ተሰማ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ጀርመን ሲባል የሚስቅ ሕዝብ ካለ መካነ ሰላም ብቻ ነው፤ ሌላ አገር አልሰማሁም። አልታየች ሁሉንም ሰማች። ጆሮዋ ደህና ነበር፤ እምቢ ያላት ዓይኗ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ነበር የመጣችው፦ አድማሴ በሬዎቼን ምን አደረጋቸው? በልቶብኝ ከሆነ እንዴት አድርጌ ላልቅስለት?

አድማሴ ልብስ ሰፊ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ አራት በጎች ሸጦ ሄደ፤ አገሩ ዋንጫውን ሲያነሣ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሰው አልሆነም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ አስቀምጦ፣ የሸሚዝ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ግብጾቹ እንዴት እንደደነገጡ ይተርካል። ሱሪው ሳይሰፋ ይመሻል። አልታየች ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ ያንኑ ጨዋታ መቶ ጊዜ ሰምታ መቶ ጊዜ እንደ አዲስ ትጮኽለት ነበር። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ሲተርክ ፊቱ ላይ የሚወጣውን ብርሃን ለማየት ምንም ነገር ትሰጠው ነበር።

ሰጠችውም። በጥር 1965 አቀስታ ቤቷ መጣና፣ ወንበር ሳይስብ ገና ቆሞ፣ «የዓለም ዋንጫ ልሄድ ነው» አላት። «የዛሬ ዓመት ሰኔ፣ ጀርመን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠራቅሜያለሁ። ትንሽ ነው የጎደለኝ።»

«አብደሃል?»

«ስሚኝማ! ሁሉንም አስልቼዋለሁ። አውሮፕላኑ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር ነው፤ እሱን ምንም ላደርገው አልችልም። በመርከብ እንዳልሄድ የስዊዝ ቦይ በጦርነት ተዘግቷል። ማደሪያ፣ የቄስ አራጌ ልጅ እዚያው ይማራል፣ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። የሜዳ መግቢያ፣ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ አያለሁ፤ ቁጭ ማለት ለምኔ? ምግብ ደግሞ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሰርዤዋለሁ!» አለ በኩራት። «አንቺዬ፣ ዋንጫው ከሰኔ ስድስት እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው። ሙሉ በሙሉ ሰኔ ጾም ውስጥ ወደቀ! ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። በሶዬን፣ ቆሎዬን፣ ድርቆሼን ይዤ እሄዳለሁ። ጀርመኖቹ ለምሳ ብለው ከእኔ አምስት ሳንቲም አያገኙም።»

አልታየች እስኪያማት ሳቀች። በሳምንቱ ከአባቷ የደረሷትን ጥማድ በሬዎች ወረኢሉ ገበያ አስነድታ ሸጠች። ባሏ ካሳ የመካነ ሰላሙ ሹም አቀስታ ያስቀመጡት ጸሐፊ ነበርና ደመወዝ አለው፤ ቤቱ አይራብም ብላ ነው። ሁለት መቶ ሃያ ብሩን መሐረብ ውስጥ ቋጥራ ሰጠችው።

«መጥተህ ትነግረኛለህ ብቻ» አለችው።

«ከማንም በፊት። ከአውሮፕላን ወርጄ ቀጥታ አቀስታ።»

የዛሬ ዓመቱ ሰኔ ደረሰ። ሬዲዮው የዓለም ዋንጫ ተጀመረ አለ። አልታየች «ወንድሜ እዚያ ነው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። በሳምንቱ ገበያ ወጥታ ጨው ስትገዛ፣ አድማሴ ከፊቷ ቆሟል፤ አቡጀዲ ሊገዛ መጥቶ።

«አልሄድክም?»

«ቀረሁ።»

«ለምን?»

ፊቱን ወደ አቡጀዲ ነጋዴው መለሰ።

«በሬዎቼስ? አድማሴ፣ በሬዎቼስ?»

«ዛሬ አልነግርሽም» አለ መሬት መሬት እያየ። «አንድ ቀን እነግርሻለሁ።»

«ተወው! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለችው። ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳሱ እንደገና ሞላ። የቅሬው ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው እንጀራውን ተሸክመው ገቡ፤ እዚያ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ እድር ነው የሚቀባበረው። ንፍሮ ዞረ። እህል ነጋዴው ጀብሪል፣ የአድማሴ የልብ ወዳጅ፣ ሣህኑን ይዞ አልታየች አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ያጥናሽ፣ አልታየች። ቅመሺ እንጂ።»

«አያ ጀብሪል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እንዳይዋሹኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ሁሉ ብር ምን አደረገው? ጠጣበት? ሴት ያዘ?»

ጀብሪል ሊስቅ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። «አድማሴ? በሁለት ጣሳ ጠላ እንቅልፍ የሚጥለው ሰውዬ?» ቀና ብሎ ወደ ቦጋለች አየ። «ልንገራት?»

«ንገራት» አለች ቦጋለች። «እንዳንናገር ያስማለን እሱ ነበር፤ እሱም ሊፈታን ነበር። አሁን ደግሞ ማንን ልንፈራ ነው?»

ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር ሆኗል። የቀድሞው ሹም ታስረው ደሴ ተወስደዋል፤ ካሳም ሥራ ፈትቶ አቀስታ ቤቱ ቁጭ ብሏል። የሚፈራ ሰው አልነበረም።

«የስልሳ አምስቱን ክረምት ታስታውሺያለሽ» አለ ጀብሪል። «ከከላላ በታች ያለው ቆላ በሙሉ ደረቀ። ሰዉ በልጆቹ እጅ እየተመራ ወደ እኛ ወጣ። ሹሙ ደግሞ አዋጅ አስነገሩ፤ ረሃብ የሚል ቃል ከአፍ አይውጣ፣ መንገድ ዳር እህል የሚያድል እንዳይኖር፣ ከላይ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ስማችን ይጠፋል አሉ። ወላሂ፣ ጎተራዬ ውስጥ ገብስ እያለ ፈራሁ። አሁንም ሲነሣ አፍራለሁ። አንድ ቀን አድማሴ ሱቄ ገባና ‹ጀብሪል፣ የጀርመን ስንቄን ልገዛ ነው› አለኝ። ‹ስንት ቁና?› አልኩት። ‹ሠላሳ ኩንታል› አለኝ።»

አልታየች ነጠላዋን ከአገጯ አወረደች።

«አበደ ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ሹሙ ዘንድ ሄዶ ነው የመጣው። ለዓለም ዋንጫ ጉዞ ስንቅ ማዘጋጃ ፈቃድ ይሰጠኝ ብሎ፣ ሹሙ ኳስ ይወዳሉና ማኅተም አሳርፈውለታል። ያን ወረቀት በሩ ላይ በምስማር መታው። ገብሱን ባጠራቀመው ብር፣ በአንቺም በሬዎች ገዛው። አፍሬ እኔም አሥር ኩንታል ጨመርኩ።»

«የቆላሁት እኔ ነኝ!» አለች ከወዲያ ጥግ የቦጋለች ጎረቤት ሀጀራ። «እታለም ሙች፣ ያን ክረምት በሕልሜም ገብስ ስቆላ ነበር የማድረው። ግቢው በሶ ብቻ ሆነ። ሹሙ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ‹ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ?› አሉት። ‹ጌታዬ፣ ጀርመን ሩቅ ነው› አላቸው። ‹ቢርቅስ!› አሉት። ‹እኔ ደግሞ ወሎዬ ነኝ፣ ጎኔ የተቀመጠውን ሳላቃምስ አልበላም። ሜዳው ሰማንያ ሺህ ሰው ይይዛል አሉ› አላቸው።»

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ሹሙስ?» አለች አልታየች።

«‹ይሄ ልብስ ሰፊ ለይቶለታል› ብለው እየሳቁ ሄዱ» አለ ጀብሪል። «እብድ መባሉ ጠቀመን። ለከተማው ቡድን ማሊያ የገዛውን ጨርቅ ቀዶ ከረጢት ሰፋበት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ባገኘው ሁሉ። ቆላው ሰው በጓሮ ይገባና አንድ አንድ ከረጢት በሶ ተሸክሞ ይወጣል። ዘበኛ አስቁሞ ‹ወዴት ነው?› ሲለው፣ መልሱን አድማሴ አስጠንቶታል። ‹ተሸካሚ ነን። የአድማሴን ስንቅ ወደ ጀርመን እያደረስን ነው።›»

አሁንም ሳቁ፤ አልታየች ግን አልሳቀችም።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች። «ለእኔ? ለእኔ እንኳ?»

የመለሰችላት ቦጋለች ናት። «ባልሽ የሹሙ ጸሐፊ ነዋ። ብትነግሪው መጻፉ አይቀርም፤ ባትነግሪው ከባልሽ ጋር እየደበቅሽ ልትኖሪ ነው። ‹እህቴን ከትዳሯ አላጣላም፤ ከጠላችም እኔን ትጥላ› አለ። መስከረም ላይ ሹሙ ሲያዙ እንዴት እንደ ፈነጠዘ ብታዪ! ‹ጀርመን ቀረ፣ አቀስታ ግን አይቀርም› እያለ ወር ሙሉ መንገዱን ሲያሰላ ከረመ። በቅሎዋን ከማን እንደሚዋስ፣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚልሽ። ‹በሬዎችሽ ደርሰዋል ብዬ ነው የምጀምረው› ይለኝ ነበር። ሊነሣ ሦስት ቀን ሲቀረው ተስቦው ጣለው።»

«ወንድም የለኝም ብዬዋለሁ እኮ» አለች አልታየች።

«አውቃለሁ፣ ነግሮኛል። ‹ቁጣዋ ቁርጥ እናታችንን!› እያለ እየሳቀ ነው የነገረኝ። የኔ እናት፣ ቂም አልያዘብሽም።»

አልታየች ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ዓይኗ አሁንም ደረቅ ነበር። ልታመሰግነው ፈልጋለች፣ የሚቀበላት ሰው ግን ከመሬት በታች ነው። ለማን ትንገር?

ወደ ቀትር ገደማ ዳሱ በር ላይ ሰባት ስምንት ሰዎች ቆሙ። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ናቸው። ከፊት የቆመው ረጅም ቀጭን ሰውዬ ትንሽ የማሽላ ቋጠሮ በብብቱ ይዟል። ወደ ውስጥ አየና ግራ ገባው።

«የጀርመኑ ሰውዬ ለቅሶ እዚህ ነው?»

ማንም አልሳቀም።

«እዚህ ነው» አለ ጀብሪል። «ከየት ናችሁ?»

«ከከላላ በታች ነን። ቢተው እባላለሁ። ስሙን አናውቀውም ነበር፤ የጀርመኑ ሰውዬ ነው የምንለው። ከትናንት ወዲያ ገበያተኛ ነው መሞቱን የነገረን፤ ሌት ከቀን ተጓዝን።» ቋጠሮዋን ወደ ፊት አደረገ። «ዘንድሮ ማሽላው ያዘልን። እሸቱን ይዘን መጥተን ልናመሰግነው ተነጋግረን ነበር። እኔ ቤት ዘጠኝ ነፍስ ነን፤ ዘጠኛችንም አለን። አንድ አልጎደለብንም። እግዜር ያጥናችሁ ልንል ነው የመጣነው፤ ማንን እንደምንል ግን አናውቅም። የሥጋ ዘመድ አለው? እህት፣ ወንድም?»

ማንም ወደ አልታየች አላየም።

«አለው» አለች ተነሥታ። «እህት አለችው። እኔ ነኝ እህቱ።»

ቢተው ጎንበስ አለላት። «እመቤቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። በወንድምሽ ነው ያለነው።»

አልታየች እጁን ይዛ አስገባችው፣ በርጩማ ስባ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ገበቴና የሞቀ ውሃ ይዛ ወጣች፤ ከእግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ኧረ ተዪ!» አለች ሀጀራ ብድግ ብላ። «ሐዘንተኛ አይደለሽም ወይ? እኛ እናጥባቸዋለን፣ ተቀመጪ!»

«ኧረ በማርያም፣ እመቤቴ» አለ ቢተውም እግሩን እየሰበሰበ።

«አምጣው» አለችው አልታየች። «ወንድሜ ቢኖር እሱ ነበር የሚያጥባችሁ።»

ወንድሜ ያለችው ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ዓይኗ ሞላ። የተሰነጠቀውን ተረከዝ በእጇ ይዛ ውሃውን ታፈስሳለች፣ እንባዋም አብሮ ይወርዳል። «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ወንዴዋ» አለች ጮክ ብላ። ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቁት ሴቶች ከየተቀመጡበት ተነሥተው ተቀበሏት። ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ።

እሷ ግን አልተነሣችም። የታጠበውን እግር በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ መሬት አስቀመጠችና፣ ሁለተኛውን አነሣች።