የከማሉዲን ልጅ እንቅርት

እኔ ዙሌይካ በርበሬና ኮረሪማ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ምላሴም እንደ ሸቀጤ ያቃጥላል ይሉኛል። ይበሉ! የታናሽ ወንድሜን የከማሉዲንን ልጅ፣ ዐዚዛን ግን ማንም እንዳይነካብኝ። ከጎንደር ሰፈሮች አውሮፕላን የምታበር ሌላ ካለች ትምጣና እንተያይ።

ባለፈው ዒድ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከስታለች። ሰሐን ስታቀብለኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንገቷም ከሻሹ ሥር አበጥ ብሏል። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። «እንቅርት ነው፤ ልቧን የሚያስሮጠውም እሱ ነው። በመድኃኒት ይስተካከላል» አለ ዶክተሩ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ልጅቱ አለቀሰች። አብራሪ በየጊዜው እየተመረመረ የጤና ፈቃድ ካላገኘ አይበርም፤ የእሷ ምርመራ ደግሞ ደርሶ ነበር።

ከማሉዲን ይህን ሲሰማ መጀመሪያ በሩን ዘጋ። እኛ ዘንድ የሴት ልጅ ሕመም ከቤት አይወጣም፤ ባል ያሸሻል ይባላል።

«ስሚ ልጄ፣ ሻሽሽን አጥብቀሽ ትሄጃለሽ። ልብሽ ለምን መታ ካሉሽ ደረጃ ስወጣ ሮጬ ነው በይ። መድኃኒቱን ተደብቀሽ ትውጫለሽ» አላት።

«አባ፣ እዚያ ላይ እጄ ቢከዳኝ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ምን በወጣው? ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ሕመሙ አንሶ ሥራሽን በገዛ እጅሽ ልትጥዪ?» ብሎ ጮኸባት።

እኔም አላስቻለኝም። «አንተ ሰው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ልጅህ ካንተ ትበልጣለች!» አልኩት። ስንት ቀን አኮረፈኝ።

ሄዳ ለአየር መንገዱ ሐኪሞች ነገረቻቸው። እንደፈራነውም ከበረራ አገዷት። ጓደኞቿ ሲበሩ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ወራት ቆጠረች፤ ኪኒኗን ግን አንድም ቀን አላጓደለችም። ከማሉዲን ስለ እሷ ለጠየቀው ሁሉ «ዕረፍት ላይ ናት» ይላል። እኔ ከሶላት በኋላ ሁሉ ዱዓ አደርግላታለሁ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ደሟን አይተው፣ ተስተካክሏል፣ ኪኒኗን እየዋጠች ትብረር ብለው ፈቃዷን መለሱላት። ወላሂ፣ ያን ቀን ያሰማሁት እልልታ አይከል ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ እኔና ከማሉዲን ለዕቃ አዲስ አበባ ወርደን ስንመለስ እሷ በምታበረው አውሮፕላን ተሳፈርን። በድምፅ ማጉያው «ረዳት አብራሪ ዐዚዛ ከማሉዲን» ሲባል፣ ከጎናችን የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «ሴት ናት እንዴ? ጤነኛ ትሁን ብቻ!» ብሎ ሳቀ።

ወንድሜ ቀበቶውን ፈትቶ ብድግ አለ።

«የእኔ ልጅ ናት!» አለ፣ ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር እየተሰማ። «እንቅርት አለባት! ራሷ ተናግራ፣ ታክማ፣ ሐኪም መርምሮ ነው የፈቀደላት። አንተ መቼ ነው የተመረመርከው?»

አውሮፕላኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተናጋጇ «አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ልንነሳ ነው» ብላ ለመነችው። ተቀመጠ። ቀበቶውን መልሼ እኔ አሰርኩለት፤ እሱ እንባውን በጃኬቱ እጅጌ ይጠርግ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፣ «ከኋላ ያሉትም ሰሙኝ?»