ጉግስ በጎሮ ሜዳ
እና ደግሞ ጫማውን ማን ያስርለታል፣ ሙሉነሽ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ስታብሰለስል ነው የመጣችው፣ አሁንም ጎሮ ሜዳ ዳር፣ የጥምቀት ማግስት ፀሐይ አናቷን እየጠበሳት፣ ነጠላዋን እንደ ጥላ ይዛ ያንኑ ታስባለች፣ ጫማውን፣ የሸሚዙን ቁልፍ፣ ቀኙ ደህና ነው እግዜር ይመስገን፣ ግራው ግን ከክርኑ በታች የለም፣ ኦጋዴን ቀርቷል። ልጇ ነው፣ ዓለምሰገድ። ልትወስደው ነው የመጣችው።

ትናንት እንደደረሰች ነግራዋለች፣ ቤቱ ቤትህ ነው፣ የገበሬ ማኅበሩም እንደ ዘማችነትህ መሬት አይነፍግህም፣ እኔም አለሁልህ፣ እሱ ግን፣ ነገ ጎሮ ጉግስ አለ እማዬ፣ መጀመሪያ እሱን እንይ፣ አለ። እንይ ነው ያለው። ከዚያ ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ጠብቂኝ ብሎ ሄደ።

ታዲያ ያ ቦራ ፈረስ ላይ ያለው ማነው።

ጋሻው ክርኑ ላይ በጠፍር የታሰረ፣ ልጓሙ ኮርቻው ላይ የተቋጠረ፣ ፈረሱን በጉልበቱ የሚመራ፣ አይ እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ምን ነካው፣ አጠገቧ የቆሙት ባሻ መኩሪያ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ማን እንደሆነች ሳያውቁ ያወሩላታል፣ ይሄ ልጅ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ እዚሁ ፈረስ ያሠለጥናል፣ ስንቴ ወደቀ መሰለሽ፣ እያነከሰ ተነስቶ ደግሞ ይወጣል፣ ከኋላ ደግሞ ከቦሌ የመጡ ቤልቦተም ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች፣ አቦ ተወኝ፣ ይሄማ አሁን ተፈጠፈጠ፣ ይሳሳቃሉ። አፋችሁን ይቁረጠው። ወይስ እውነታቸውን ነው። ዓይኗን ልትከድን አስባ አልከደነችም።

ቦራው ይሸሻል፣ ወልደጻድቅ የሚባለው የሰፈሩ ዋነኛ ፈረሰኛ በዳማ ፈረሱ ያባርራል፣ አቧራው፣ ኮቴው፣ ወልደጻድቅ ደረሰበት፣ ዘንጉን አነሳ፣ አሁን፣ አሁን፣ ወረወረ፣ ዘንጉ ከቦራው ጎን ሣር ላይ ወደቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሙሉነሽ አላጨበጨበችም። አባቷ ጉግስ ተጫዋች ነበሩ፣ ጋሻቸውን ቅቤ እየቀባች ነው ያደገች፣ የወልደጻድቅን ክንድ ከጠዋት ጀምሮ በሌሎቹ ላይ ሲወረውር አይታዋለች፣ ያ ክንድ አይስትም፣ አዘነለት እኮ፣ ምስኪን ብሎ ነው፣ ማን ነህና ነው ለልጄ የምታዝንለት፣ እና አንቺስ ሙሉነሽ፣ አንቺስ ምን ብለሽ መጣሽ።

ዓለምሰገድ ቦራውን አዙሮ ወደ ወልደጻድቅ ይመጣል። ሜዳው ጸጥ አለ፣ ድምፁ ይሰማል፣ አይጮህም።

አውቀህ ነው የሳትከኝ።

ወልደጻድቅ አንገቱን ደፋ።

እኔ ልጫወት ነው የመጣሁት፣ ከወረወርክ ወርውር፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ይግባ።

ዳኞቹ ሽማግሌዎች ተያዩ፣ ይደገም አሉ፣ ባሻ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሁለቱ ፈረሶች ሜዳው ጫፍ ወጡ፣ መጡ፣ መጡ፣ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን አናታቸው ላይ ያጓራል፣ ፈረሶቹ ግድም የላቸው፣ ወልደጻድቅ በእርካቡ ቆሞ በሙሉ ክንዱ ወረወረ፣ ጓ፣ ዘንጉ የጋሻውን ጠርዝ መትቶ ትከሻውን ላጠው፣ ዓለምሰገድ ወደ ግራ ተንጋደደ፣ መያዣ እጅ በሌለበት በኩል፣ ተንጋደደ፣ አትጣለው አምላኬ፣ ጉልበቱ ኮርቻውን ነከሰ፣ ተቃና። ተቃና!

ቀጥሎ አባራሪው እሱ ነው፣ ዳማው ይበራል፣ ልጇ ቀኙን ወደ ኋላ ሳበ፣ የአባቷ አወራወር፣ ማን አሳየው፣ ሲወለድ እኮ አባቷ አፈር ከሆኑ ቆይተዋል፣ ዘንጉ ወልደጻድቅን ጀርባው ላይ አገኘው፣ ጋሻውን ሳያዞር፣ ሜዳው ተናወጠ፣ ጎረምሶቹ ያፏጫሉ፣ እልልታ ከየት መጣ፣ ከራሷ ጉሮሮ ነው፣ ነጠላዋ ወድቋል፣ ይውደቅ።

ባሻ መኩሪያ ዞር ብለው፣ ልጁን ታውቂዋለሽ እንዴ፣ አሏት።

እኔ ነኝ የወለድኩት።

አሁን ወደ እሷ እየመጣ ነው፣ ከፈረሱ ወርዶ፣ ፊቱ አቧራ፣ ትከሻው ላይ ደም አለ፣ ጥቂት ነው፣ እጇ ሊጠርግለት ተነሳ፣ መለሰችው፣ ምን ትበለው፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተቆጥታ እንደሆነ ፊቷን ያያል፣ ና እንሂድ ትለኛለች ብሎ ይሆናል፣ አይ፣ እሷ ብቻዋን ነው የምትመለሰው፣ እሱ እዚህ ሰው ነው፣ ፈረስ አለው፣ ባላንጣ አለው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አባቷ ከሜዳ ለሚመለሱ ወንድሞቿ ይናገሩ በነበረው ድምፅ፣

ጋሻህን ዝቅ አድርገህ ነበር፣ ትለዋለች።

ይስቃል፣ አቤት አሳሳቅ፣ አዎ እማዬ፣ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ይላታል፣ እሷም ኮስተር እንዳለች የቦራውን ግንባር ትዳብሳለች፣ ላቡ ትኩስ ነው፣ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ ይያቸው።